የቤተ ሰብ ንግድና በምሥጢር የተጻፈ ውል

አንድ ሰው በድካሙና በብልኀቱ የንግድ ቤት አቁሞ፤ ሀብቱም በርክቶ፤ ስሙም በአገሩ ሁሉ ከተሰማ በኋላ፤ ከእርሱ ቀጥሎ ያንን ቤት ማን እንደሚያስተዳድረው በግልጥ ሳይናገር ቢሞት፤ ጉዳቱ በልጆቹ ላይ ብቻ የሚወድቅ የሚመስላቸው ሰዎች ብዙዎች ናቸው። ቤቱ አንድ ሱቅና አንድ መጋዘን ብቻ በነበረበት ዘመን ይህ አሳብ ምናልባት እውነት ሊሆን ይችል ነበረ። ዛሬ ግን የንግድ ቤት ማለት በወር ደመወዝ የሚያድረው ሠራተኛ፤ ገንዘቡን ያበደረው ባንክ፤ ዕቃውን በዱቤ የሰጠው ነጋዴ፤ ይልቁንም ከዕለት ጉርሱ ቈጥቦ አክሲዮን የገዛው ሰው ሁሉ ተስፋቸውን የጣሉበት ማኅበር ስለ ሆነ፤ በወንድማማች መካከል የተነሣው ጠብ በእልፍኝ ውስጥ ተወስኖ አይቀርም።

ይህንን ነገር ዛሬ ለማንሣት ምክንያት አለን። በጥር ወር 2017 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ ተከፍቶ ሥራውን ጀምሮአል። ይህ ገበያ ከመከፈቱ በፊት ከአገራችን የንግድ ቤቶች ብዙዎቹ ባልና ሚስት፤ ልጆችና ወንድማማቾች ስማቸውን አስመዝግበው ያቆሟቸው፤ ኃላፊነታቸው የተወሰነ የግል ማኅበሮች ነበሩ፤ ዛሬም ናቸው። እንዲህ ያለው ቤት ግብሩን ከከፈለና ሕግን ካከበረ፤ ቤተ ሰቡ በማዕድ ዙሪያ ምን እንደ ተነጋገረ የሚጠይቀው ሰው የለም፤ ሊጠይቀውም አይገባም። ነገር ግን ከእነዚህ ቤቶች አንዱ ሥራውን ለማስፋት ብሎ ከሕዝብ ገንዘብ በሚፈልግበት ቀን፤ አባት ለልጁ የተናገረው ቃል፤ እናትም በልጆችዋ መካከል ያደረገችው እርቅ የሌሎች ሰዎች ጥቅም የተያያዘበት ጉዳይ ይሆናል። ያ ቀን ከመድረሱ በፊት በሌላ አገር የሆነውን መመርመር ስለሚጠቅም፤ በህንድ አገር በአምባኒ ቤት የደረሰውን ነገር ለአንባቢዎቻችን ለማቅረብ ወደድን። ስለ ህንድ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ሚስተር ዲሩባይ አምባኒ በ1932 ጉጀራት በሚባለው አገር፤ ቾርዋድ በምትባል መንደር፤ ከአንድ የመንደር አስተማሪ ተወለዱ። ገና በጕብዝናቸው ባሕር ተሻግረው ወደ ኤደን ሄዱና ኤ. ቤስ በሚባለው የንግድ ቤት ተቀጠሩ። ይህ ቤት በአዲስ አበባም ቅርንጫፍ ስለ ነበረው ስሙ ለአገራችን ነጋዴዎች እንግዳ አልነበረም። የበኵር ልጃቸው ሙኬሽም በ1957 የተወለዱት በዚያው በኤደን ነው። አባትዮው በ1958 ወደ ቦምቤ ተመልሰው፤ ከአንድ ዘመዳቸው ጋራ በጥቂት ገንዘብ ሪላያንስ የተባለውን ንግድ በቅመማ ቅመምና በፈትል ጀመሩ። ከዚያ በኋላ በአርባ ዓመት ያህል ጊዜ ውስጥ፤ ከፈትል ንግድ ወደ ጨርቅ ፋብሪካ፤ ከጨርቅ ፋብሪካ ወደ ሰው ሠራሽ ክር፤ ከዚያም ወደ ነዳጅ ማጣሪያ እየወጡ ሄደው፤ ቤታቸው በህንድ ካሉት የግል የንግድ ቤቶች ሁሉ ከታላላቆቹ አንዱ ሆነ።

ለዚህ ሁሉ ሥራ የሚበቃ ገንዘብ ከባንክ ብቻ አልተገኘም ነበረ። በ1977 አክሲዮን ለሕዝብ ሸጡ፤ የገዙትም በገጠርና በትንንሽ ከተሞች የሚኖሩ አስተማሪዎች፤ ጸሓፊዎች፤ ጡረተኞችና ባለ ሱቆች ነበሩ። የባለ አክሲዮኖቹ ቍጥር እየበዛ ሄዶ በአዳራሽ መሰብሰብ ስላልተቻለ፤ በ1980ዎቹ ዓመታት ዓመታዊው ጉባኤ በኳስ ሜዳ የተደረገበት ጊዜ አለ። ይህን ነገር አንባቢው በልቡ እንዲይዝልን እንለምናለን፤ ምክንያቱም ወደ ኋላ በፍርድ ቤት የተነሣው ክርክር በፍጻሜው ያረፈው በእነዚህ በኳስ ሜዳ በተቀመጡት ሰዎች ጉዳይ ላይ ነውና።

በየካቲት 1986 ሚስተር ዲሩባይን ድንገተኛ የአንጎል ሕመም መታቸውና ቀኝ እጃቸው ሽባ ሆነ። ከዚያ ጀምሮ የዕለቱን ሥራ ሁለቱ ወንዶች ልጆቻቸው፤ ሙኬሽና አኒል፤ ይመሩት ጀመር። አባትዮው ከሕመማቸው በኋላ 16 ዓመት ኖረው በሐምሌ 2002 በዚያው ሕመም ሞቱ። በ16 ዓመት ውስጥ ታላቅ የነዳጅ ማጣሪያ ተሠርቶአል፤ አዲስ የስልክ ንግድ ታስቦአል፤ ነገር ግን ኑዛዜ የሚባል ወረቀት አልተጻፈም ነበረ።

ይህ ዝምታ ከስንፍና የመጣ ነው ለማለት አንደፍርም፤ ስንፍና በዚያ ሰው ዘንድ አልነበረምና። አባት ከሁለት ልጆች አንዱን ራስ አድርጎ ሲሾም ሌላውን ያዋረደ ይመስለዋል፤ ስለዚህ እርሱ በሕይወት እስካለ ድረስ ሁለቱም እኩል ሆነው እንዲታዩ ይወዳል። በእኛም አገር ስለ ሞቱ ሲነገረው ሞት የተጠራበት የሚመስለው አባወራ ጥቂት አይደለም። ልጆቹም ይህን ነገር ቢያነሡ ሀብቱን የጓጉ መስለው እንዳይታዩ ስለሚፈሩ አይጠይቁም። እንዲህ ባለው ቤት ውስጥ ሁሉም ዝም ስለሚል ሁሉም የተስማማ ይመስላል።

በመጽሐፈ ነገሥት የተጻፈውን የንጉሥ ዳዊትን የእርጅና ዘመን የሚያውቁ ካህናት አንባቢዎቻችን ይህን ነገር በቀላሉ ያስተውሉታል። ንጉሡ መንግሥቱ ለሰሎሞን እንድትሆን ለቤርሳቤህ የማለላት በእልፍኝ ውስጥ ነበረ፤ በአደባባይም ስላልታወጀ አዶንያስ ተነሥቶ ራሱን አነገሠ፤ ኢዮአብን የመሰለ የጦር አለቃና አብያታርን የመሰለ ካህንም ተከተሉት። ነቢዩ ናታን ፈጥኖ ባይገባ ኖሮ መሐላው መሐላ ሆኖ ሳለ ከንቱ ሊሆን ደርሶ ነበረ። ነገሩን ያዳነው ሰሎሞን በንጉሡ በቅሎ ተቀምጦ ወደ ግዮን መውረዱ፤ ሳዶቅም ሕዝቡ እያየ መቀባቱ፤ ቀንደ መለከትም መነፋቱ ነው።

በአምባኒ ቤት ናታንን የመሰለ ሰው በጊዜው አልተገኘም። አባትዮው ከሞቱ በኋላ ሚስተር ሙኬሽ የማኅበሩ ሊቀ መንበር፤ ሚስተር አኒል ደግሞ ምክትል ሊቀ መንበር ሆኑ፤ ሁለቱም በአስተዳዳሪነት ስም ይጠሩ ነበረ። የአንዱ ቃል የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ ግን በግልጥ የሚናገር ደንብ አልነበረም። ከዚህም ሌላ የቤተ ሰቡ አክሲዮን የተያዘው በብዙ ትንንሽ ኩባንያዎች ስም ስለ ነበረ፤ እነዚያን ኩባንያዎች የሚያዝ ማን እንደ ሆነ ከውጭ ያለ ሰው አጣርቶ ለማወቅ አይችልም ነበረ። አባትዮው በሕይወት ሳሉ ይህ አሠራር ለቤቱ ምሽግ ነበረ፤ እርሳቸው ከሞቱ በኋላ ግን ምሽጉን ማን እንደሚጠብቀው ጥያቄ ሆነ።

በ2004 የአስተዳዳሪዎቹ ጉባኤ ሊቀ መንበሩ ከምክትሉ በላይ ሥልጣን እንዳለው የሚናገር ውሳኔ አሳለፈ። በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ሚስተር ሙኬሽ ለአንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ ሲናገሩ፤ በባለቤትነት ረገድ ያልተፈታ ነገር እንዳለ አመለከቱ። በቤት ውስጥ መነገር የነበረበት ነገር ለዓለም ሁሉ በተነገረ ጊዜ የአክሲዮኑ ዋጋ ወረደ። ከዚያ ወዲያ ወንድማማቾቹ የሚነጋገሩት በጋዜጣና በጠበቃ ሆነ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናመለክት እንወዳለን፤ ይኸውም ሁለቱ ሰዎች በታላላቅ ትምህርት ቤቶች የተማሩ፤ ሥራቸውንም አጥርተው የሚያውቁ መሆናቸው ነው። የጐደላቸው ዕውቀት አልነበረም፤ ጠብ ከመነሣቱ በፊት አስቀድሞ የታወቀ የመነጋገሪያ ጊዜና ቦታ፤ የሚያከራክር ነገር ሲመጣም ወደ ማን እንደሚሄድ የሚወስን ደንብ ነበረ።

በዚህ ጊዜ ወይዘሮ ኮኪላቤን፤ የሟቹ ባለቤትና የሁለቱ እናት፤ በመካከል ገቡ። በህንድ ሕግ አንድ ሰው ሳይናዘዝ ሲሞት ሚስቱ ከልጆቹ ጋራ ድርሻ ያላት ወራሽ ስለ ሆነች፤ ቃላቸው የእናት ምክር ብቻ ሳይሆን የባለ መብትም ቃል ነበረ። አንድ የታወቁ የባንክ ሹም፤ ሚስተር ካማት፤ የንብረቱን ግምት በማደላደል ረዷቸው። ሰኔ 18 ቀን 2005 እናትዮው ልጆቻቸውን ማስታረቃቸውን ለሕዝብ አስታወቁ። የነዳጅ ማጣሪያውና ከነዳጅ የሚወጡት ልዩ ልዩ ነገሮች ፋብሪካ ለታላቁ፤ የስልኩ፤ የኤሌክትሪኩና የገንዘብ አገልግሎቱ ሥራ ለታናሹ ሆነ። አንዱ በሌላው ሥራ እንዳይገባም ተስማሙ።

ይህን እርቅ የሚነቅፍ ሰው ቢኖር እኛ ከእርሱ ጋራ አንተባበርም። አንዲት መበለት በሐዘን ላይ ሳለች ሁለት ባለ ሥልጣን ልጆችዋን አስቀምጣ ይህን ያህል ታላቅ ሀብት ያለ ፍርድ ቤት ማካፈልዋ የሚያስመሰግን ሥራ ነው። ስሕተቱ ከእርቁ በኋላ የመጣ ነው። እናትና ሁለት ልጆች የፈረሙበት የስምምነት ጽሑፍ የቤተ ሰብ ምሥጢር ሆኖ ተቀመጠ፤ የተገለጸው ጠቅላላ አከፋፈሉ ብቻ ነበረ። በሚሊዮን የሚቈጠሩት ባለ አክሲዮኖች ግን ጽሑፉ አልተነበበላቸውም፤ በጉባኤያቸውም ቀርቦ አልጸደቀም።

በዚያ ጽሑፍ ውስጥ ከተጻፉት ነገሮች አንዱ ስለ ተፈጥሮ ጋዝ ነበረ። የታላቁ ወንድም ማኅበር በ2002 በህንድ ምሥራቃዊ የባሕር ዳርቻ፤ ክሪሽናና ጎዳቫሪ የሚባሉት ወንዞች ወደ ባሕር በሚገቡበት አካባቢ፤ ከባሕር በታች ብዙ ጋዝ አግኝቶ ነበረ። ከዚህ ጋዝ በየቀኑ 28 ሚሊዮን ሜትር ኩብ፤ እስከ 17 ዓመት ድረስ፤ በአንድ ሚሊዮን የእንግሊዝ የሙቀት መለኪያ 2 ዶላር ከ34 ሳንቲም ለታናሹ ወንድም የኤሌክትሪክ ሥራ እንዲሰጥ ተስማምተው ነበረ። ወዲያው ግን የህንድ መንግሥት በ2007 የዚህን ጋዝ ዋጋ 4 ዶላር ከ20 ሳንቲም አድርጎ ወሰነ። በሁለቱ ዋጋ መካከል ያለው 1 ዶላር ከ86 ሳንቲም በ28 ሚሊዮን ሜትር ኩብና በ17 ዓመት ሲባዛ ምን ያህል ገንዘብ እንደሚሆን ለመገመት ታላቅ የሒሳብ ዐዋቂ መሆን አያስፈልግም።

ጠቡ እንደ ገና ነደደ። በ2008 የሚስተር አኒል የስልክ ማኅበር ኤም ቲ ኤን ከሚባለው ከደቡብ አፍሪካው ማኅበር ጋራ ለመዋሐድ ሲነጋገር፤ የታላቁ ወንድም ማኅበር በስምምነቱ መሠረት አክሲዮኑ ከመሸጡ በፊት ለእኔ መቅረብ ይገባዋል ብሎ ስለ ተነሣ ንግግሩ ፈረሰ። በዚያው ዓመት ታናሹ ወንድም ስሜ ጠፋ ብለው ታላቁን በ100 ቢሊዮን ሩጲ ካሣ ከሰሱ። በ2009 ደግሞ የታናሹ ወንድም ወገን የነዳጁን ሚኒስቴር የሚወቅስ ማስታወቂያ በጋዜጦች ላይ አወጣ። የአንድ ቤተ ሰብ ክፍፍል የመንግሥትን መሥሪያ ቤትና የሌላ አገርን ማኅበር ሁሉ ይዞ ዞረ።

በሰኔ 2009 የቦምቤ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ለሚስተር አኒል ወገን ፈረደ። ግንቦት 7 ቀን 2010 ግን የህንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፤ ሦስት ዳኞች በተቀመጡበት ችሎት፤ በአብላጫ ድምፅ ለሚስተር ሙኬሽ ማኅበር ፈረደ። ዳኞቹ ከሰጡት ምክንያት ሁለቱን እንጥቀስ። ፊተኛው፤ ጋዙ ከአገር መሬትና ባሕር የወጣ የሕዝብ ሀብት ስለ ሆነ ዋጋውንና አደላደሉን የሚወስን መንግሥት ነው፤ ወንድማማቾች በመካከላቸው ሊወስኑት አይችሉም የሚል ነው። ሁለተኛው ለያዝነው ነገር ይበልጥ የሚጠቅም ነው፤ ይኸውም እናትና ሁለት ልጆች የተፈራረሙት ጽሑፍ የግል ስምምነት እንጂ የማኅበሩ ውል አይደለም፤ ባለ አክሲዮኖች ያላወቁትና ያላጸደቁት ስለ ሆነ ማኅበሩን ሊያስገድደው አይችልም የሚል ነው።

ይህ ፍርድ ለብዙ ሰው ከባድ መስሎ ይታያል። ሚስተር ሙኬሽ በገዛ እጃቸው የፈረሙትን ነገር፤ ፈራሚው እኔ እንጂ ማኅበሩ አይደለም ብለው ሊያመልጡበት እንዴት ይገባል? በኅሊና በኩል ብንመለከተው ጥያቄው ቀላል አይደለም፤ ሙሉ መልስ አለን ብለንም አንታበይም። በሕግ በኩል ግን ዳኞቹ ትክክለኛውን ነገር ያዩ ይመስለናል። ማኅበር ማለት ከባለቤቶቹ የተለየ፤ የራሱ ንብረትና የራሱ ዕዳ ያለው የሕግ ሰው ነው። አንድ ሰው በወንድሙ ፊት የገዛ ርስቱን ሊሰጥ ይችላል፤ አብረውት ከሚሠሩት ሰዎች ጋራ የያዘውን ግን እነርሱ ሳያውቁ ሊሰጥ አይችልም። ዋጋው የቀነሰው ጋዝ የሚከፈለው ከሚስተር ሙኬሽ ኪስ ብቻ ሳይሆን፤ ያንን ስምምነት አይተውት ከማያውቁት አስተማሪዎችና ጡረተኞች ድርሻም ነበረ። በሌላ ወገን ደግሞ የታናሹን ወንድም ማኅበር አክሲዮን የገዙ ሰዎች ርካሹ ጋዝ ይመጣል ብለው ተስፋ አድርገው ነበረ፤ እነዚህም ምሥጢር የተባለውን ጽሑፍ አላነበቡም። በምሥጢሩ የተጎዱት በሁለቱም ወገን ያሉት ናቸው።

እንግዲህ ይህንን ነገር ወደ አገራችን ሕግ አምጥተን ስናስተያየው አንድ የሚያስደንቅ ነገር እናገኛለን። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በግልጥ ስለሚደረግ ኑዛዜ ሲናገር፤ ጽሑፉ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ካልተነበበ ዋጋ የለውም ይላል። መጻፉና መፈረሙ ብቻ አይበቃም፤ መነበቡም በራሱ በጽሑፉ ላይ መጠቀስ አለበት። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን የተሰጠው ሰው ሲሆን ሁለት ምስክር ይበቃል። ሕግ አውጪዎቹ ይህን ያደረጉት የሟቹ ቃል በሌላ ሰው ጆሮ እንዲገባ ብለው ነው፤ ያልተሰማ ቃል ለጠብ በር ይከፍታልና።

በቋንቋችን ኑዛዜ የሚለው ቃል ሁለት ነገር ይሸከማል። አንዱ ለንስሐ አባት የሚነገረው ነው፤ ይህ በባሕርዩ ምሥጢር ነው፤ የሰማው ካህንም ለማንም አይገልጠውም። ሁለተኛው ስለ ንብረት የሚነገረው ነው፤ ይህም በምስክር ፊት እንዲነበብ ሕግ ያዝዛል። ቃሉ አንድ ስለ ሆነ ይመስለናል፤ ብዙ አባወራዎች ሁለተኛውን እንደ ፊተኛው አድርገው ይይዙታል፤ የንብረታቸውን ነገር ለንስሐ አባታቸው ወይም ለአንድ ታማኝ ወዳጅ በጆሮው ነግረው፤ ነገሩ የተፈጸመ መስሎአቸው ያርፋሉ። ከዚያ በኋላ ካህኑ ሁለት ቃል በአንድ ልብ ተሸክሞ ይጨነቃል። እንዲናገር ሲለመን የቱ የንስሐ፤ የቱ የንብረት እንደ ሆነ መለየት አለበት፤ ቢናገርም ቃሉን የሚያጸናለት ምስክር የለውም። ወደ ሕመምተኛ አልጋ የሚጠሩ ካህናት ሁለቱን ነገሮች ገና ከመጀመሪያው ለይተው፤ ለሁለተኛው ጸሓፊና ምስክር ቢያስጠሩ ራሳቸውንም ቤተ ሰቡንም ከብዙ ጭንቀት ያድናሉ።

ኑዛዜ ባይኖርስ ሕግ ዝም አይልም፤ ልጆች እኩል ይወርሳሉ። ሚስት በእኛ ሕግ ወራሽ ባትሆንም ከጋራው ሀብት ድርሻዋን ታነሣለች። ነገር ግን ሕግ ሀብትን በቍጥር ማካፈል እንጂ ማዘዝንና መታዘዝን ማካፈል አይችልም። አራት ልጆች የአንድ ወፍጮ ቤት አራት እኩል ክፍል ሲወርሱ፤ ወፍጮው በየትኛው ቀን እንዲጠገን፤ ከየትኛው ባንክ እንዲበደር፤ የማን ልጅ እንዲቀጠር የሚወስነው ማን እንደ ሆነ ከክፍፍሉ አይገኝም። ይህ መገኘት ያለበት ከማኅበሩ የመተዳደሪያ ደንብ ነው። በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቍጥር 1243 የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ፤ ማኅበርተኞች በደንባቸው ብዙ ነገር እንዲወስኑ መንገድ ይሰጣል። ሆኖም አንዳንዱ ደንብ ከሌላ ማኅበር ደንብ ቃል በቃል የተገለበጠ፤ የፈረሙትም ሰዎች ያላነበቡት ነው። ጽሑፉን ለማረጋገጥ የተቀመጠ ሹም ፊርማውን ከመቀበሉ በፊት፤ ከእናንተ አንዱ ቢሞት ድምፁን የሚሰጥለት ማን ነው? ሁለታችሁ ባትስማሙ ወደ ማን ትሄዳላችሁ? ብሎ ቢጠይቅ፤ ብዙዎቹ ያን ጊዜ ገና እርስ በርሳቸው መተያየት እንደሚጀምሩ እናምናለን።

ወደ ሁለቱ ወንድማማች ነገር እንመለስ። ፍርዱ በተሰጠበት በዚያው በግንቦት ወር 2010፤ አንዱ በሌላው ሥራ እንዳይገባ ያደረጉትን ስምምነት በፈቃዳቸው ሻሩት፤ ይህም ለሕዝብ ተነገረ። በመስከረም 2016 ሚስተር ሙኬሽ ጂዮ የሚባለውን የስልክ ሥራ በእጅግ ርካሽ ዋጋ ከፈቱ። አስቀድሞም ዕዳ የከበደው የታናሹ ወንድም የስልክ ማኅበር ይህን ውድድር ሊቋቋም አልቻለም፤ በ2017 መጨረሻ የተንቀሳቃሽ ስልክ ንግግር አገልግሎቱን አቆመ። የስዊድኑ ማኅበር ኤሪክሰን ገንዘቤ አልተከፈለኝም ብሎ ከሰሰ፤ በየካቲት 2019 የህንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሚስተር አኒል በአራት ሳምንት ውስጥ ባያስከፍሉ ሦስት ወር እንዲታሰሩ ወሰነ። ቀኑ ሊያልቅ ሲል ከ4 ቢሊዮን 500 ሚሊዮን ሩጲ የሚበልጠው ዕዳ ተከፈለ፤ ሚስተር አኒልም ለታላቅ ወንድማቸውና ለወንድማቸው ሚስት በጽሑፍ በይፋ ምስጋና አቀረቡ። በሚቀጥለው ዓመት በሎንዶን ፍርድ ቤት በሌላ ዕዳ ሲከሰሱ፤ ዕዳቸው ሲታሰብ ሀብታቸው ባዶ መሆኑን ጠበቃቸው ተናገሩ። ወንድምነቱ እስር ቤት በር ላይ ሲደርስ ተገኘ፤ ሥራው ግን ሊመለስ አልቻለም።

የህንድ መንግሥትም ከዚህና ይህን ከመሰሉ ሌሎች ጠቦች ሳይማር አልቀረም። በ2023 የአክሲዮን ገበያውን የሚቈጣጠረው መሥሪያ ቤት ባወጣው ደንብ፤ አክሲዮኑ በገበያ የሚሸጥ ማኅበር አስተዳደር ወይም ባለቤትነት የሚነካ ስምምነት በቤተ ሰብ መካከል ቢደረግ፤ ማኅበሩ ራሱ የስምምነቱ ተካፋይ ባይሆን እንኳ፤ ነገሩ ለማኅበሩ ተነግሮ ለሕዝብ እንዲገለጽ ታዘዘ። በ1897 የተመሠረተው የጎድሬጅ ቤት በሚያዝያ 2024 በሁለት ወገን ሲከፋፈል፤ የክፍፍሉ ስምምነት ለአክሲዮን ገበያው ተገልጾ ነበረ። የየትኛው ማኅበር አስተዳደር ወደ የትኛው ወገን እንደሚሄድ፤ ሁለቱም ወገን የአያቶቻቸውን ስም እንዴት እንደሚጠቀሙበት ማንም አንብቦ ሊያውቅ ይችላል። ክፍፍሉ ብዙ ዓመት የፈጀ ንግግር ነበረበት፤ ለሕዝብ የደረሰው ግን ጠቡ ሳይሆን ውሳኔው ነው።

ሚስተር ሙኬሽ ራሳቸው ዛሬ ሦስት ልጆች አሉአቸው። በነሐሴ 2023 በባለ አክሲዮኖች ዓመታዊ ጉባኤ ላይ፤ መንትዮቹ አካሽና ኢሻ፤ ታናሻቸውም አናንት፤ የአስተዳዳሪዎች ጉባኤ አባላት እንዲሆኑ መታጨታቸውን አስታወቁ። የስልኩን ሥራ አካሽ፤ የችርቻሮውን ንግድ ኢሻ፤ አዲሱን የኃይል ሥራ አናንት እንዲመሩት አስቀድመው ለይተው ሰጥተዋል። ለአክሲዮን ገዦች ምክር የሚሰጡ ድርጅቶች ስለ ሦስተኛው ልጅ፤ ዕድሜው ገና ነው፤ የሥራ ልምዱም ጥቂት ነው ብለው ተቃወሙ። በጥቅምት ወር የባለ አክሲዮኖች ድምፅ በተቈጠረ ጊዜ ለሁለቱ መንትዮች የተሰጠው ከ98 በመቶ በላይ፤ ለአናንት የተሰጠው ደግሞ ከ92 በመቶ በላይ ሆነና ሦስቱም ተሾሙ። አባታቸውም በሕይወት ሳሉ የቱ ልጅ በሕዝብ ዘንድ ምን ያህል እንደሚታመን በቍጥር አዩት።